ስለ ብረት ቅጥቀጣ፤ ከመግዛት በፊት መቁጠር

ብረት ጠንካራ የሚሆነው ከማዕድኑ መልካምነት ብቻ አይደለም፤ በእሳት ግሎ በመዶሻ በመመታቱም ጭምር ነው። ይህን ነገር የገጠር ቀጥቃጭ ማንም መምህር ሳያስተምረው ከአባቱ ተቀብሎ ያውቀዋል። ማረሻውን ከከሰሉ መካከል በጉጠት ባወጣው ጊዜ ቀለሙን አይቶ ለመመታት መድረሱንና አለመድረሱን ይለያል፤ ደብዛዛ ቀይ ብቻ እንደ ሆነ ወደ እሳቱ ይመልሰዋል፥ ወደ ብጫ የደረሰ እንደ ሆነ በመስፉ ላይ አኑሮ ይመታዋል፥ ከዚያም አልፎ ብልጭታ መርጨት የጀመረ እንደ ሆነ መቃጠሉን ዐውቆ ያዝናል። በዚህ ዓይነት አንድ ሰው ወናፉን ከሚነፋለት ልጁ ጋር ሆኖ የማሞቅን፥ የመለካትን፥ የመምታትን፥ የማቀዝቀዝንና የመመርመርን ሥራ ሁሉ በአንዲት ጎጆ ውስጥ ይፈጽመዋል። እንዲህ ያለውን ባለሙያ ሕዝቡ ማረሻውን እየተቀበለ ስሙን ያጎድፈው ስለ ነበረ፥ ዳግማዊ አፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ሠራተኛን በሥራው ምክንያት መስደብን የሚከለክል አዋጅ ማውጣታቸው የታወቀ ነው።

ዛሬ በታላላቅ ፋብሪካዎች ውስጥ የሰው እጅ ሳይነካው ግሎ፥ ተመትቶ፥ ተከርክሞና ቀዝቅዞ የሚወጣው ብረት የሚያልፍበት የሥራ መስመር በመሠረቱ ከዚህች ጎጆ የተለየ ምሥጢር የለውም። ልዩነቱ ቀጥቃጩ በአንድ ልቡናው ሰብስቦ ይዞት የነበረው ዕውቀት እየተከፋፈለ ለልዩ ልዩ መኪናዎች መሰጠቱ ነው። ዐይኑ ለሙቀት መለኪያ መሣሪያ፥ ወናፉ ለኤሌክትሪክ ኀይል፥ ጉጠቱ ለብረት ክንድ፥ መዶሻው ለመጭመቂያ መኪና ተሰጠ። እንግዲህ እንዲህ ያለውን መስመር ለማቋቋም የሚያስብ መንግሥት ወይም ኩባንያ አስቀድሞ ሊጠይቀው የሚገባው ጥያቄ ‹መጭመቂያው የስንት ቶን ኀይል አለው?› የሚለው አይደለም። ‹ቀጥቃጩ ያውቀው ከነበረው ነገር ለማንም ሳይሰጥ የቀረ አለን?› የሚለው ነው። ገንዘብ የሚጠፋው ይህ ጥያቄ ሳይጠየቅ በቀረበት ቦታ ነውና።

ብረት ስለ ምን በግለት እንደሚቀጠቀጥ ለማስረዳት ከእርሻ መሣሪያ ምሳሌ መውሰድ ይቻላል። ገበሬ ለእርፍ የሚሆነውን እንጨት በሚመርጥበት ጊዜ በተፈጥሮው የጎበጠውን ይፈልጋል እንጂ ከቀጥተኛ ግንድ ጠርቦ አያጎብጥም፤ ጭረቱ የተቆረጠ እንጨት በጉብጠቱ ላይ ይሰበራልና። ብረትም በፋብሪካ ተጠቅልሎና ተጎትቶ ዘንግ በሆነ ጊዜ በውስጡ እንደ እንጨት ጭረት ያለ አቅጣጫ ይይዛል። ይህን ዘንግ በቶርኖ እየቆረጡ ጠማማ ዕቃ ቢሠሩበት ጭረቱ ይቆረጣል፤ አግለው ቢቀጠቅጡት ግን ጭረቱ ከዕቃው ጉብጠት ጋር አብሮ ይጎብጣል። ቀልጦ በቅርጽ ውስጥ የፈሰሰ ብረት ደግሞ እየረጋ ሲሄድ በውስጡ ትናንሽ ባዶ ቦታዎች ሊቀሩበት ይችላሉ፤ ምት እነዚህን ይዘጋል፥ የብረቱንም ቅንጣት ያደቅቃል። ስለዚህ ብዙ ጊዜ የሚወዛወዝና ድንገት ቢሰበር ሰው የሚገድል ዕቃ ሁሉ በተቻለ መጠን በቅጥቀጣ ይሠራል። ከጅቡቲ ወደብ ዕቃ ጭኖ ወደ አዲስ አበባ የሚወጣ ካሚዮን የፊት እግሮቹን የሚሸከመው አግዳሚ ብረት፥ ፒስተኑን ከማዞሪያው ዘንግ ጋር የሚያያይዘው ክንድ፥ ብዙ ጊዜም ማዞሪያው ዘንግ ራሱ የሚሠሩት በዚህ መንገድ ነው። በአቀበት ላይ ከእነዚህ አንዱ ቢሰበር ጠጋኝ አያድነውም።

የእጅ መዶሻ ወደ መኪና የተለወጠበት ታሪክ አጭር ነው። (ከዚህ በኋላ የሚጠቀሱት ዓመታት በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) እንግሊዛውያን ለአንድ ታላቅ መርከብ የሚሆን ወፍራም ዘንግ የሚቀጠቅጥ መዶሻ ባጡ ጊዜ ጄምስ ናስሚዝ የተባለው መሐንዲስ በ1839 በእንፋሎት የሚነሣ መዶሻ በወረቀት ላይ ነደፈ፤ ነገር ግን አስቀድመው ሠርተው የተጠቀሙበት በለ ክሩዞ የነበሩት ፈረንሳውያን ናቸው። በ1861 ደግሞ ጆን ሃስዌል በቪየና ከተማ በውሃ ግፊት የሚጨምቅ መኪና ለብረት ቅጥቀጣ አዋለ። መዶሻ በምት ብዛት ይሠራል፤ መጭመቂያ ግን በአንድ ግፊት ይጨርሳል፥ እንቅስቃሴውም ሁልጊዜ አንድ ዓይነት ስለ ሆነ ለሌላ መኪና ጓደኛ ሊሆን ይችላል። ለጉጠቱ ምትክ የተገኘው ከዚህ መቶ ዓመት ያህል ቆይቶ ነው፤ በ1961 በአሜሪካ አገር በኒው ጀርሲ ግዛት በአንድ የጄኔራል ሞተርስ ፋብሪካ ውስጥ ዩኒሜት የተባለው የመጀመሪያው ሮቦት የጋለ የብረት ዕቃ ከመኪና እያወጣ እንዲያኖር ተደረገ። ሮቦት ሥራ የጀመረው ሰው ሊነካው የማይወደውን ትኩስ ነገር በመያዝ መሆኑ ሊያስደንቅ አይገባም።

በዚያው በ1961 በህንድ አገር በፑኔ ከተማ ኒልካንት ካልያኒ ባራት ፎርጅ የሚባለውን የብረት መቀጥቀጫ ኩባንያ አቋቋሙ። ልጃቸው ባባ ካልያኒ በአሜሪካ አገር በማሳቹሴትስ የቴክኖሎጂ ተቋም ተምረው በ1972 ወደ ኩባንያው ገቡ። በዚያን ጊዜ ሥራው ይካሄድ የነበረው በመዶሻና በሰው ጉልበት ነበር፤ ሠራተኞቹም አብዛኞቹ ከፍ ያለ ትምህርት ያላገኙ ነበሩ። በ1980ዎቹ ዓመታት መጨረሻ ላይ ኩባንያው ብዙ ገንዘብ አውጥቶ ከጀርመን አገር የ16,000 ቶን መጭመቂያ ከነመስመሩ ለማስመጣት ቈረጠ። ይህ ሁሉ ኀይል ለህንድ ገበያ ብቻ የታሰበ አልነበረም፤ በውጭ አገር ያሉትን የካሚዮን ፋብሪካዎች በማሰብ ነው እንጂ። በ2004ም ከጀርመን ስመ ጥር የቅጥቀጣ ፋብሪካዎች አንዱን ካርል ዳን ፔዲንግሃውስን ገዝቶ የራሱ አደረገው።

ይህን ታሪክ የሚተርኩት ሰዎች ብዙውን ጊዜ ስለ 16,000ው ቶን ብቻ ያወራሉ። ሊታሰብ የሚገባው ግን ሌላው ነው፤ ይኸውም መኪናው በተተከለ ጊዜ በመስመሩ ላይ የሚቆሙት ሰዎች ዓይነት አብሮ መለወጡ ነው። ኩባንያው በጉልበተኞች ፈንታ መሐንዲሶችንና የቴክኒክ ትምህርት ያላቸውን ወጣቶች በመስመሩ ላይ አቆመ፥ የማኅተሙንም ንድፍ በኮምፒዩተር መሥራትን ወደ ቤቱ አስገባ። መጭመቂያውን ማንኛውም ገንዘብ ያለው ሊገዛው ይችል ነበር።

ወደ ፕላኑ እንመለስ ከተባለ፥ ፕላን የሚጀመረው ከሚሠራው ዕቃ ነው። ለምሳሌ ያህል አንድ ፋብሪካ በዓመት 1,200,000 የካሚዮን የፒስተን ክንድ ለማውጣት ያስባል ተብሎ ይወሰድ፤ እያንዳንዱ ክንድ 2.5 ኪሎ ይመዝናል። በዓመት 250 የሥራ ቀን፥ በየቀኑም ሁለት ጊዜ እየተፈራረቁ 16 ሰዓት ቢሠራ በጠቅላላው 4,000 ሰዓት ይሆናል። ስለዚህ በሰዓት 300 ዕቃ፥ ማለት በየ12 ሴኮንዱ አንድ ዕቃ መውጣት አለበት። ብዙ ሰዎች በዚህ ላይ ሒሳቡን ዘግተው በ12 ሴኮንድ አንድ ዕቃ የሚያወጣ መኪና ለመግዛት ይነሣሉ። ይህ ታላቅ ስሕተት ነው።

ስሕተት የሚሆንበትም ምክንያት እንደሚከተለው ነው። በመስመሩ ላይ ብረቱን የሚቆርጥ፥ የሚያሰልፍ፥ የሚያሞቅ፥ ሙቀቱን የሚለካ፥ የሚያሳልፍ፥ አስቀድሞ የሚያሾል፥ የሚጨምቅ፥ ማኅተሙን የሚቀባ፥ ትርፉን የሚከረክምና የሚያቀዘቅዝ ዐሥር ክፍል አለ ይባል። እያንዳንዱ ክፍል እጅግ መልካም ሆኖ ከመቶው ጊዜ 98ቱን ያለ እንከን ቢሠራ፥ ዐሥሩ በአንድነት ተያይዘው የሚሠሩት ከመቶው 82ቱን ጊዜ ብቻ ነው። እያንዳንዱ 95 ከመቶ ቢሠራ ደግሞ በአንድነት ወደ 60 ከመቶ ይወርዳሉ። ሌላ ዓይነት ፋብሪካ ይህን ችግር በቀላሉ ያመልጠዋል፤ በሁለት መኪናዎች መካከል የተጀመረ ዕቃ ከምሮ ስለሚያኖር አንዱ ቢቆም ሌላው ከክምሩ እየወሰደ ይሠራል። የጋለ ብረት ግን አይከመርም። ከእሳት የወጣ ቁራጭ በጥቂት ሴኮንዶች ውስጥ ካልተመታ ይቀዘቅዛል፤ የቀዘቀዘም ብረት ማኅተሙን ይጎዳል። ስለዚህ በግለት ቅጥቀጣ መስመር ውስጥ ከሁሉ ደካማ የሆነው ክፍል ለሁሉ ጌታ ነው። በጥንቃቄ የሚያስብ ፕላን አውጪ መስመሩ ከጊዜው 65 ከመቶውን ብቻ እንደሚሠራ ገምቶ ይነሣል፤ እንግዲያውስ መኪናዎቹ በ12 ሴኮንድ ሳይሆን በ7.8 ሴኮንድ አንድ ዕቃ የሚያወጡ መሆን አለባቸው።

ከዚህ በኋላ የቀረው ሒሳብ ተራ በተራ ይከተላል። ዕቃው 2.5 ኪሎ ቢመዝንም በሚጨመቅበት ጊዜ ማኅተሙ እንዲሞላ ትርፍ ብረት በጠርዙ መውጣት ስላለበት የሚቆረጠው ቁራጭ 3.1 ኪሎ ያህል ይሆናል። በ7.8 ሴኮንድ አንድ ቁራጭ ማለት በሰዓት 1,430 ኪሎ ያህል ብረት መጋል አለበት ማለት ነው። አንድ ኪሎ ብረት በኤሌክትሪክ መጠምጠሚያ ወደ 1,250 ዲግሪ ሴንቲግራድ ለማድረስ ከ0.35 እስከ 0.4 ኪሎዋት ሰዓት ያህል ይፈጃል፤ ስለዚህ ማሞቂያው ብቻ 550 ኪሎዋት ያህል ይጠይቃል። የመጭመቂያውም ኀይል እንደዚሁ ከዕቃው ስፋት ይገኛል፤ ክንዱ ከነትርፍ ጠርዙ በማኅተሙ ላይ 300 ካሬ ሴንቲሜትር ቢይዝ፥ ለእያንዳንዱ ካሬ ሴንቲሜትር 6 ቶን ቢታሰብ 1,800 ቶን ይሆናል። መኪናው ሁልጊዜ በኀይሉ ጫፍ ላይ እንዳይሠራ ሲባል የ2,500 ቶን መጭመቂያ ይመረጣል። አንባቢ እንደሚያየው የቶኑ ቍጥር የተገኘው በመጨረሻ ነው። የሻጭ ወኪል ግን ወደ ቢሮ የሚገባው ይህን ቍጥር በመጀመሪያ ይዞ ነው።

ቁራጩ ብረት በመስመሩ ላይ የሚያልፍበትን መንገድ መከታተል ይገባል፤ ቀጥቃጩ ያውቀው የነበረው ነገር ለማን እንደ ተሰጠ የሚታየው በዚህ ነውና። ረጅሙ ዘንግ በመቁረጫ ተቆርጦ እያንዳንዱ ቁራጭ ይመዘናል፤ ያነሰው ማኅተሙን አይሞላም፥ የበዛው መጭመቂያውን ያስጨንቃል። ከዚያ በኋላ ቁራጮቹ ተሰልፈው በመዳብ ቧንቧ መጠምጠሚያ ውስጥ ያልፋሉ። በቧንቧው ውስጥ ለማቀዝቀዝ ውሃ ይሄዳል፤ በዙሪያው የሚለዋወጠው የኤሌክትሪክ ኀይል ግን ብረቱን ያለ ነበልባል ከራሱ ያግለዋል። ግለቱ በፍጥነት ስለሚፈጸም ብረቱ እንደ ጋዝ እቶን ብዙ ቅርፊት አያበቅልም። ውሃው ንጹሕ ካልሆነ ግን ቧንቧው በኖራ ይደፈናል፥ መዳቡም ይቀልጣል። ስለዚህ ከወንዝ ወይም ከጕድጓድ የተቀዳ ውሃ እንደ መጣ አይገባበትም፤ ተጣርቶ በዝግ ቧንቧ የሚዞር ልዩ ውሃ ያስፈልጋል። የዚህ ማጣሪያ ዋጋ ከመጭመቂያው ጋር ሲመዛዘን ኢምንት ነው፤ ስለ ኢምንትነቱም ይረሳል።

ከማሞቂያው አፍ ላይ የቀጥቃጩ ዐይን ምትክ ቆሟል። ከሩቅ ሆኖ የብረቱን ብርሃን አይቶ ሙቀቱን የሚለካ መሣሪያ እያንዳንዱን ቁራጭ ይመረምራል፥ ከፊቱም ሦስት መንገድ አለ። በሚገባ የጋለው ወደ መጭመቂያው ያልፋል። ያልደረሰው ወደ ጎን ወጥቶ ከቀዘቀዘ በኋላ እንደገና ለመጋል ይመለሳል። ከመጠን በላይ የጋለው ግን ወደ ቍርጥራጭ ሣጥን ይጣላል፤ ውስጡ የተቃጠለ ብረት በመልክ ከመልካሙ አይለይምና፥ የሚታወቀውም ምናልባት ከዓመት በኋላ በአንድ ገደል አፋፍ ላይ በተሰበረ ጊዜ ነው። ገንዘብ ለመቆጠብ ሲሉ ይህን ባለ ሦስት መንገድ በር ከግዢው ዝርዝር የሚሰርዙ ሰዎች ይገኛሉ። እነዚህ ሰዎች የቀጥቃጩን ዐይን አውጥተው መዶሻውን ብቻ የገዙ ናቸው።

መኪናዎቹም እርስ በርሳቸው መነጋገር አለባቸው። መጭመቂያው በድንገት ቢቆም ማሞቂያው ይህን ወዲያው ካልሰማ፥ በመጠምጠሚያው ውስጥ ያሉት ቁራጮች ከመጠን በላይ ግለው እርስ በርሳቸው እስከ መጣበቅ ይደርሳሉ። ስለዚህ ማሞቂያው ኀይሉን ዝቅ አድርጎ እንዲጠብቅ ወይም ያለውን ቁራጭ ሁሉ ወደ ውጭ እንዲያራግፍ አስቀድሞ ይታዘዛል። ይህ ትእዛዝ የሚጻፍበት ኮምፒዩተር ከአንዱ ነጋዴ፥ ማሞቂያው ከሁለተኛው፥ መጭመቂያው ከሦስተኛው፥ የብረቱ ክንድ ከአራተኛው የተገዛ እንደ ሆነ፥ አንድ ችግር በተነሣ ቍጥር አራቱም እየተጣቀሱ ጥፋቱን የጓደኛቸው ያደርጉታል። ለመላው መስመር በአንድ ስም የሚጠየቅ አንድ ኀላፊ በውሉ ላይ መጻፍ የሚያስፈልገው ስለዚህ ነው፤ በዋጋ ጥቂት ቢወደድም።

በመጭመቂያው ውስጥ ዕቃው በአንድ ግፊት አይፈጸምም። በመጀመሪያ ተደፍጥጦ ቅርፊቱ ይረግፋል፥ ሁለተኛ ወደ ቅርጹ ይቀርባል፥ ሦስተኛ የመጨረሻውን ቅርጽ ይይዛል። ከአንዱ ወደ ሌላው የሚያሻግረው በመጭመቂያው ሁለት ወገን የተዘረጋ ባለ ጣት ዘንግ ወይም ሮቦት ነው። ከዚያ በኋላ ትርፉ ጠርዝ ገና ትኩስ ሳለ ይከረከማል። ስለ ማቀዝቀዙ አንድ ነገር መጨመር ይገባል። ቀድሞ የተቀጠቀጠው ዕቃ ሁሉ እንደገና ግሎ በዘይት ወይም በውሃ ተነክሮ ጥንካሬ ይሰጠው ነበር፤ ከ1970ዎቹ ዓመታት ወዲህ ግን ጥቂት ቫናዲየም የተጨመረበት ብረት በጀርመን አገርና በሌሎችም እየተለመደ ስለ ሄደ፥ ዕቃው ከመጭመቂያው እንደ ወጣ በተመጠነ ነፋስ በሥርዓት ቢቀዘቅዝ ብቻ የሚፈለገውን ጥንካሬ ያገኛል። ይህም ታላቅ እቶንና ብዙ ኀይል ያስቀራል። ነገር ግን እየወደቀ በሣጥን ውስጥ የሚከመር ዕቃ መካከሉ ያለው ቀስ ብሎ፥ ዳር ያለው ፈጥኖ ስለሚቀዘቅዝ ጥንካሬው አንድ አይሆንም። ስለዚህ ዕቃዎቹ እየተለያዩ በሰንሰለት መንገድ ላይ በነፋስ ዋሻ ውስጥ እንዲያልፉ ይደረጋል፤ ለዚህም በፋብሪካው ውስጥ ረጅም ቦታ አስቀድሞ ሊተውለት ይገባል። መሠረቱ ከተጣለና ግድግዳው ከቆመ በኋላ ቦታ መፈለግ አይቻልም።

አሁን ወደ ማኅተሙ መድረስ ያስፈልጋል፤ የዚህ ሥራ ትርፍና ኪሣራ የሚወሰነው በዚህ ነውና። ማኅተም የተባለው የዕቃው ቅርጽ ተገልብጦ የተቀረጸበት ላይኛውና ታችኛው የብረት ግንድ ነው፤ በሰም ላይ እንደሚያርፍ ማኅተም በጋለው ብረት ላይ ያርፋልና። የሚሠራውም ክሮሚየም፥ ሞሊብዲነምና ቫናዲየም ከተጨመረበት ከውድ ብረት ነው። ሥራ ከመጀመሩ በፊት ከ150 እስከ 250 ዲግሪ ይሞቃል፤ ቀዝቃዛ ሆኖ ቢመታ ይሰነጠቃልና። በየምቱ መካከል ደግሞ በውሃ ውስጥ የተበጠበጠ ግራፋይት ይረጭበታል፤ ይህም ያቀዘቅዘዋል፥ የጋለውም ብረት እንዳይጣበቅበት ያደርጋል። ርጭቱ ቢበዛ ማኅተሙ በሙቀትና በቅዝቃዜ ተፈራራቂነት ይሰነጣጠቃል፥ ቢያንስ ይለሰልስና ይበላል። ቀጥቃጩ መዶሻው ቢያልቅ ሌላ ያነሣ ነበር፤ ማኅተም ግን በዚያ መልክ አይተካም።

አንድ ማኅተም 8,000 ዕቃ አትሞ ያልቃል ተብሎ ይገመት፤ እንደ ዕቃውና እንደ አያያዙ ከዚህ ሊያንስም ሊበልጥም ይችላል። እንግዲህ በዓመት 1,200,000 ዕቃ ለማውጣት ማኅተም 150 ጊዜ መለወጥ አለበት። በየቀኑ 4,800 ዕቃ ስለሚወጣ፥ ለውጡ በየሁለት ቀኑ እንኳ ሳይዘገይ ይመጣል ማለት ነው። እያንዳንዱ ለውጥ 4 ሰዓት ቢፈጅ በዓመት 600 ሰዓት መስመሩ ሁሉ ቆሞ ይውላል፤ በ30 ደቂቃ ቢፈጸም ግን 75 ሰዓት ብቻ ነው። አስቀድሞ በፕላኑ ውስጥ ለልዩ ልዩ መቆም ሁሉ የተፈቀደው 1,400 ሰዓት መሆኑን ያስታወሰ ሰው፥ ማኅተም መለወጥ ብቻ ከዚህ ግማሽ ሊቀርብ የሚችለውን እንደሚበላ ያስተውላል። ያን ጊዜ ለተሰበረ ክንድ፥ ለተቋረጠ ኤሌክትሪክ፥ ለታመመ ሠራተኛ የቀረው ጊዜ እጅግ ያነሰ ነው።

አራቱን ሰዓት ወደ ግማሽ ሰዓት የሚያወርደው ነገር የመጭመቂያው ፍጥነት አይደለም። ሁለተኛ የማኅተም መያዣ ሣጥን መኖሩ ነው። መስመሩ እየሠራ ሳለ በውጭ በኩል አዲሱ ማኅተም በሁለተኛው ሣጥን ውስጥ ተገጥሞ፥ ተለክቶና ሞቆ ይጠብቃል፤ አሮጌው ከነሣጥኑ በክንድ ተስቦ ይወጣል፥ አዲሱ ከነሣጥኑ ይገባል። ይህ እንዲሆን ደግሞ ማኅተም የሚቀርጽ፥ ያረጀውን በብየዳ ሞልቶ እንደገና የሚያወጣ፥ በጥንቃቄ የሚለካ ቤት በፋብሪካው አጠገብ ሊኖር ይገባል። ማኅተም በመርከብ ከውጭ አገር እስኪመጣ የሚጠብቅ ፋብሪካ በየሁለት ቀኑ የሚያልቅበትን ነገር በምን ያህል ብዛት አከማችቶ ሊኖር ነው? ባለሥልጣናት ፋብሪካ ሊጎበኙ በሚመጡበት ጊዜ ፎቶግራፍ የሚነሡት በመጭመቂያው ፊት ነው፤ ነጸብራቁም ያማረ ነው። በማኅተም ቤቱ ፊት የሚቆም ግን ጥቂት ነው፤ በዚያ የሚታየው ጥቂት ሰዎች በጸጥታ ሲለኩ ብቻ ስለ ሆነ።

ስለ ሠራተኞቹ ሳይነገር ማለፍ ተገቢ አይደለም። በመዶሻ ዙሪያ የሚሠራ ሰው ጆሮው በድምፁ ይደነቁራል፤ የመዶሻ ቤት ድምፅ ከ100 ዴሲቤል ሲያልፍ፥ በብዙ አገሮች ለጆሮ ጥበቃ የተወሰነው መጠን ግን በቀን ለ8 ሰዓት 85 ዴሲቤል ነው። ከዚህም በላይ የጋለ ቅርፊት ይረጭበታል፥ ጉጠቱም በተሳሳተ ምት ተወርውሮ ይመታዋል። የብረት ክንድ ሰውን ከዚህ ቦታ ማራቁ መልካም ነው። ነገር ግን መስመሩ በአጥር ተከልሎ በሩ ሲከፈት ሁሉ ነገር እንዲቆም ካልተደረገ፥ ከዱሮው የባሰ አደጋ ይመጣል፤ መዶሻ መቺው ሰው ጓደኛውን ያየው ነበር፥ ሮቦት ግን ማንንም አያይም። አጥሩንና የበሩን ቁልፍ ሥራ እንዳያስተጓጉል ብሎ የሚፈታ የሥራ ኀላፊ የሚፈታው የሰውን ሕይወት ነው።

ከመዶሻ የተነሡት ሰዎችስ ወዴት ይሄዳሉ? ይህ ጥያቄ በግዢ ወረቀት ላይ አይገኝም፤ ሆኖም የፕላኑ አንድ ክፍል ነው። አንዳንዶቹ በዕድሜያቸውና በትምህርታቸው ምክንያት ወደ አዲሱ ሥራ ሊሻገሩ አይችሉም፥ ለእነርሱም በአግባቡ መካስ ያስፈልጋል። ከእነርሱ መካከል ግን ብረትን በመልኩ የሚያውቁ፥ የመሰንጠቅን ምልክት ከሩቅ የሚለዩ አሉ፤ እነዚህን በምርመራ ክፍልና በማኅተም ቤት ማቆየት ጥቅሙ ብዙ ነው። በኮምፒዩተር የሠለጠነ ወጣት መሣሪያው 1,180 ዲግሪ ሲል ያነባል፤ መሣሪያው በቅርፊት ተሸፍኖ ሲሳሳት ግን የሚጠራጠረው ሽማግሌው ነው። ለአዲሱ መስመር የሚያስፈልጉት ማኅተም ሠሪ፥ የኤሌክትሪክ ባለሙያ፥ ጠጋኝና የብረት ጠባይ ዐዋቂ ደግሞ መኪናው ከተተከለ በኋላ አይፈለጉም። ውሉ በተፈረመበት ወር ተመርጠው መኪናው በሚገጣጠምበት በሻጩ ፋብሪካ ውስጥ ቆመው እያንዳንዱን ብሎን ሲገባ ቢያዩ፥ በኋላ በሌሊት አንድ ነገር በተበላሸ ጊዜ ወደ ውጭ አገር ስልክ መደወል አያስፈልግም።

በመጨረሻ ስለ ርክክቡ ፈተና በውሉ ላይ ምን ሊጻፍ እንደሚገባ መወሰን ያስፈልጋል። ሻጩ ከአገሩ ባመጣቸው ባለሙያዎችና በመረጠው ብረት መስመሩን አንድ ሰዓት አሳምሮ ቢያሠራው ይህ ፈተና አይባልም። ፈተናው በገዢው ሠራተኞች እጅ፥ ገዢው ወደ ፊት በሚጠቀምበት ብረት፥ ሁለቱንም የሥራ ፈረቃ ለብዙ ቀናት ሳያቋርጥ ሊካሄድ ይገባዋል። በመካከሉም ማኅተሙ ቢያንስ ሁለት ጊዜ ይለወጥ፥ ጊዜውም በሰዓት ይያዝ። ኤሌክትሪክ ሆን ተብሎ ተቋርጦ በመጠምጠሚያው ውስጥ ያሉት ቁራጮች ምን እንደሚሆኑ ይታይ። አንድ ቁራጭ ከመጠን በላይ እንዲግል ተደርጎ በሦስተኛው መንገድ መውጣቱ ይረጋገጥ። ከወጡትም ክንዶች በየሰዓቱ አንዳንድ እየተነሣ ተሰንጥቆ ጭረቱ ይመርመር፥ ጥንካሬውም ይለካ። ከእሑድ ዕረፍት በኋላ ሰኞ ጠዋት መስመሩ ከቅዝቃዜ ተነሥቶ የመጀመሪያውን መልካም ዕቃ እስኪያወጣ ድረስ ስንት ሰዓት እንደ ፈጀና ስንት ዕቃ እንደ ተጣለ በመዝገብ ይጻፍ። በእነዚህ ሁሉ የታየው ጉድለት በሁለቱ ወገን ተፈርሞበት እስኪስተካከል ድረስ የዋጋው የመጨረሻ ክፍል በባንክ ተይዞ ይቆያል።